ኤስ 5 ወይስ ኤሮድ? ስለ ሁለት ውድ ብስክሌቶችና ስለ አንድ ነፋስ

ለዚህ ጽሑፍ መነሻ የሆነኝ አንድ የማከብረው ወዳጄ ያቀረበልኝ ጥያቄ ነው። "አንተ መሐንዲስ ነህ፤ እስቲ ዳኘኝ። ሰርቬሎ ኤስ 5 ልግዛ ወይስ ካንዮን ኤሮድ?" አለኝ። ጥያቄው በአንድ ዓረፍተ ነገር የሚመለስ ይመስላል። እኔ ግን ሳሰላስለው ሰነበትሁ፤ ምክንያቱም ጠያቂው በቀላሉ የሚታለል ሰው አይደለም። ኢኮኖሚስት ነው። አገር ቤት ኢሕአዴግ "ኢኮኖሚያችን በየዓመቱ 11 በመቶ አደገ" ይል በነበረበት ዘመን በየስብሰባው ተነሥቶ "ከየትኛው መነሻ? ማን ቆጠረው? በምን መለኪያ?" እያለ ባለሥልጣናትን ላብ በላብ ያደርግ የነበረ ሰው ነው። ያው ሰው ዛሬ አንድ የብስክሌት ፋብሪካ "አዲሱ ፍሬማችን ይህን ያህል ዋት ይቆጥባል" ብሎ ስለጻፈ ብቻ ከመቶ ሺህ ክሮነር በላይ ሊያወጣ እጁን ኪሱ ከትቷል። ከየትኛው መነሻ? ብሎ አልጠየቀም።

እንግዲህ እኔ ልጠይቅለት። (ዘመኑን ሁሉ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር እጽፋለሁ።)

በመጀመሪያ ስለ ምን እንደምንነጋገር እንስማማ። ኤሮ ብስክሌት ማለት ቱቦዎቹ ክብ መሆናቸው ቀርቶ እንደ አውሮፕላን ክንፍ ወይም እንደ ዓሣ ጀርባ የተሳሉ፣ ሽቦና የፍሬን ቱቦዎቹ በሙሉ በመሪውና በፍሬሙ ሆድ ውስጥ የተደበቁ፣ ቸርኬው ጥልቅ የሆነ የአስፋልት መወዳደሪያ ነው። ዓላማው አየርን በትንሹ እየረበሹ ማለፍ ነው። ሐሳቡ አዲስ አይደለም። በ1933 ፍራንሲስ ፎር የተባለ ፈረንሳዊ በጀርባ ተኝተው በሚነዱት የሞሼ ብስክሌት የአንድ ሰዓት ክብረ ወሰን ሰበረ፤ በማግስቱ ዓመት ዓለም አቀፉ የብስክሌት ማኅበር (ዩ.ሲ.አይ.) ያን ዓይነቱን ብስክሌት ከውድድር አገደ። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ የዚህ ስፖርት ታሪክ በነፋስ፣ በመሐንዲሶችና በደንብ አውጪዎች መካከል የሚደረግ ሦስት ማዕዘን ክርክር ነው። በ1989 አሜሪካዊው ግሬግ ለሞንድ ክርኑን የሚያስደግፍበት መሪ ገጥሞ ቱር ደ ፍራንስን በ8 ሰከንድ ብቻ ሲያሸንፍ ክርክሩ ለሕዝብ ገሃድ ወጣ። በ2000 ደግሞ ማኅበሩ "ከ6.8 ኪሎ በታች የሚመዝን ብስክሌት አይወዳደርም" አለ። ክብደት ወለል ሲበጅለት ፋብሪካዎቹ የሚሸጡት አዲስ ነገር መፈለግ ነበረባቸው፤ ያገኙትም ነፋስን ነው።

ከሁለቱ አንዱ ሰርቬሎ በ1995 ካናዳ ውስጥ የተመሠረተ ነው፤ መሥራቾቹ ፊል ዋይትና ኔዘርላንዳዊው ዠራር ቭሮመን ሁለቱም መሐንዲሶች ናቸው። የ2000ዎቹን ውድድሮች የሚያስታውስ አንባቢ የዴንማርኩን ሲ.ኤስ.ሲ. ቡድን፣ በ2008 ካርሎስ ሳስትሬ በሰርቬሎ ላይ ሆኖ ቱር ደ ፍራንስን ማሸነፉን አይዘነጋም። ኤስ 5 የተባለው ሞዴል በ2011 ወጣ፤ ከዚያ ወዲህ ደጋግሞ ተከልሷል። ካንዮን የጀርመን፣ የኮብሌንዝ ልጅ ነው። በአብዛኛው በሱቅ በኩል አይሸጥም፤ ከፋብሪካው በቀጥታ ካርቶን ውስጥ ታሽጎ ቤትዎ ይመጣል። ዛሬ ሰርቬሎ ፖን በተባለው የኔዘርላንድ ኩባንያ እጅ ነው፤ ካንዮንን ደግሞ በ2020 የቤልጂጉ ግሩፕ ብሩክሴል ላምበር አብዛኛውን ድርሻ ገዝቶታል። ይህን የማነሣው "ትንሿን የመሐንዲሶች ጎጆ እንደግፍ" የሚል ስሜት ያደረበት ካለ ጎጆዋ ከተሸጠች መቆየቱን እንዲያውቅ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። አንባቢ ቁጥር እንዳይሰለች እለምናለሁ፤ ቁጥሩ ከሌለ ይህ ሁሉ ወሬ ነው።

አየርን ለመግፋት የሚያስፈልገው ኃይል ከፍጥነት ጋር እኩል አያድግም። ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን የሚጠይቀው ኃይል ስምንት እጥፍ ይሆናል። አንድ መካከለኛ ቁመና ያለው ነጂ ከነብስክሌቱ ነፋስ ላይ የሚያቀርበው "የመጎተቻ ስፋት" 0.32 ካሬ ሜትር ነው እንበል፤ አየሩም በባሕር ወለል ላይ ያለ፣ በአንድ ሜትር ኩብ 1.2 ኪሎ የሚመዝን ይሁን። በሰዓት 45 ኪሎ ሜትር ሲነዳ አየሩን ለመግፋት ብቻ 375 ዋት ያህል ያስፈልገዋል። ይህ የባለሙያ ጉልበት ነው። በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር ሲሆን ግን 111 ዋት ገደማ ይበቃዋል። ይህም የእኔና የወዳጄ ፍጥነት ነው፤ እሱም ነፋሱ ሲፈቅድ።

ጀርመን ውስጥ የሚታተመው ቱር የተባለው መጽሔት ብስክሌቶችን በነፋስ ዋሻ ውስጥ አስገብቶ የሚለካው በሰዓት 45 ኪሎ ሜትር ነው። ፋብሪካዎችም በአብዛኛው የሚመርጡት ያንን ፍጥነት ወይም ከዚያ ከፍ ያለውን ነው። ለምን? ቁጥሩ ትልቅ ስለሚሆን ነዋ! በዚያ መለኪያ ከፊት በተሰለፉት ኤሮ ብስክሌቶች መካከል ያለው ልዩነት ጥቂት ዋት ብቻ ነው። እኔ ለጋስ ልሁንና 5 ዋት ልበል። ያው 5 ዋት በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር ሲነዱ 1.5 ዋት ይሆናል። በመቶ ኪሎ ሜትር ጉዞ ላይ ቢሰላ ከአንድ ደቂቃ በታች ነው። በየክረምቱ መግቢያ ከሙታላ ተነሥቶ ቬተርን ሐይቅን በሚዞረው፣ ከ1966 ጀምሮ በሚካሄደውና ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ በሆነው የቬተርንሩንዳን ጉዞ ላይ ቢበዛ ሁለት ወይም ሦስት ደቂቃ። ያውም ብቻውን ቢነዳ ነው፤ ከሌሎች ኋላ ተጠልሎ የሚነዳ ሰው (ማን ነው የማይጠለል?) ከዚያም ያነሰ ያገኛል። በመንገዱ ላይ ከሚዘጋጁት መመገቢያ ጣቢያዎች አንዱ ዘንድ ቆሞ ትኩስ ነገር እስኪጠጣ ያን ትርፍ ይበላዋል።

"ከምን ጋር ሲነጻጸር?" የሚለውም ጥያቄ አልተመለሰም። የማስታወቂያው ቁጥር አንዳንዴ አዲሱን ሞዴል ከራሱ ከአሮጌው ሞዴል ጋር ያነጻጽራል፤ አንዳንዴ አዲሱን ፍሬም ከአዲስ ቸርኬ ጋር አጣምሮ አሮጌውን ፍሬም ከአሮጌ ቸርኬ ጋር ያቀርብና ልዩነቱን ለፍሬሙ ይሰጠዋል፤ አንዳንዴም ነጂ የሌለበትን ባዶ ብስክሌት ይለካል። ከአየሩ ግፊት ሦስት አራተኛ ገደማውን የሚቀበለው የሰውየው አካል ነው። ትከሻውን፣ ጭንቅላቱን፣ ክርኑን ነው ነፋሱ የሚያገኘው። ሰውየውን አውጥቶ ብስክሌቱን ብቻ መለካት ሰፊውን ገበሬ ትቶ የከተማ ገበያን ብቻ በመቁጠር "አገሪቱ አደገች" እንደማለት ነው። ወዳጄ ይህን ንጽጽር ሳይወድ በግዱ የሚረዳው ይመስለኛል።

እዚህ ስቶክሆልም ደግሞ ነፋሱ የራሱ ጠባይ አለው። በየካቲት ብርድ፣ ከዜሮ በታች 5 ዲግሪ ላይ የሚነዳ ሰው የሚገፋው አየር ከሐምሌው የ25 ዲግሪ አየር 10 በመቶ ያህል የወፈረ ነው። በዚያ ላይ የክረምት ጃኬት አለ። የሚርገበገብ ጃኬት የለበሰ ሰው በሁለቱ ፍሬሞች መካከል ካለው ልዩነት የበለጠ ኪሳራ በእጅጌው ብቻ ይከፍላል። ጎማም እንደዚሁ ነው፤ በጥሩ ጎማና በደረቅ የፋብሪካ ጎማ መካከል ያለው የመንከባለል ልዩነት ከፍሬሞቹ ልዩነት ይበልጣል፤ ዋጋው ግን ከመቶ እጅ አንድ ያህል ነው። ይህን የሚያስተዋውቅ ሰው የለም፤ ጎማ በመሸጥ ማን ይከብራል?

ሁለቱንም ብስክሌቶች ተውሼ ሞክሬያቸዋለሁ፤ ከድሮትኒንግሆልም ወደ ኤከሮ፣ ከዚያም ወደ ፌሪንግሶ የሚወስደው፣ የከተማችን ነጂዎች ሁሉ የሚያውቁት መንገድ ላይ። ሁለቱም ይበርራሉ። ድምፃቸው ራሱ ልዩ ነው፤ ጥልቁ ቸርኬ እንደ ከበሮ ያስተጋባል። ሁለቱም ድልድይ ላይ ሲደርሱ ያስፈራሉ፤ ከጎን የሚመጣ ድንገተኛ ንፋስ የፊተኛውን ቸርኬ ይዞ ይገፋዋል፤ በቬስተርብሮን ላይ አንድ ጊዜ መሪው ከእጄ ሊወጣ ምንም አልቀረውም። በነፋስ ዋሻ ውስጥ ቬስተርብሮን የለም።

የሁለቱ ልዩነት ያለው ዋት ላይ ሳይሆን ሌላ ቦታ ነው፤ ስለዚያ ደግሞ ከማስታወቂያው ይልቅ ብሎኑ ይናገራል።

ኤስ 5 በ2018 ከመጣው ሞዴል ጀምሮ መሪውን የሚይዘው ክንድ ለሁለት ተከፍሎ በመካከሉ አየር ያሳልፋል። ሲያዩት እንደ ሹካ ነው። እውነቱን ለመናገር ያምራል፤ ከሩቅ የሚታወቅ ፊት ያለው ብስክሌት እርሱ ብቻ ነው ማለት ይቻላል። ነገር ግን ያ ክንድ የሰርቬሎ ብቻ ነው። ነጂው ጀርባውን ቢያመውና መሪውን ሊያሳጥር ወይም ሊያስረዝም ቢፈልግ ገበያ ላይ ካለው ተራ ዕቃ መርጦ መግጠም አይችልም፤ የዚያኑ ፋብሪካ ዕቃ ማዘዝ አለበት። መልካም ጎኑ ሰርቬሎ በሱቅ በኩል ስለሚሸጥ ሻጩ ሰውየውን ለክቶ፣ መሪውን መርጦ፣ የፍሬን ዘይቱን ሞልቶ ያስረክበዋል። ዋጋው ላይ የተጨመረው ገንዘብ ከፊሉ ይኸው ነው።

ኤሮድ መልኩ ዝምተኛ ነው። በጎዳና ላይ ከሌሎች አሥር ብስክሌቶች ለይቶ ማወቅ ይቸግራል። ስለ ኤሮድ ሲነሣ በመጋቢት 2021 የሆነው ነገር አብሮ ይነሣል፤ በቤልጂጉ ለ ሳሚን ውድድር ላይ ኔዘርላንዳዊው ማቲዩ ፋን ደር ፑል የያዘው መሪ በጉዞ ላይ ተሰበረ፤ ካንዮንም ወዲያው ደንበኞቹ ያን መሪ የተገጠመለትን ኤሮድ እንዳይነዱ አሳሰበ። ብዙዎች ይህን እንደ ውርደት ይቆጥሩታል። እኔ ግን እንደ መሐንዲስ ሳየው ከዚያ በኋላ የተደረገው ነው የሚገርመኝ። በ2024 የወጣው አዲሱ ኤሮድ የመሪው ታችኛ ጠምዛዛ ክፍል ተፈትቶ በሌላ ቅርጽ የሚተካ ሆነ፤ ስፋቱም የፍሬኑን ቱቦ ሳይቆርጡ ይስተካከላል፤ ከሁሉም በላይ ብሎኖቹ ከሞላ ጎደል በሙሉ አንድ ዓይነት ራስ ስላላቸው በአንድ መፍቻ ይፈታሉ። ይህ በማስታወቂያው ላይ በትንሽ ፊደል የተጻፈ ነገር ነው። ለእኔ ግን ከነፋስ ዋሻው ቁጥር ሁሉ ይበልጥብኛል፤ አንድ የዲዛይን ክፍል ተቀምጦ "ይህን ዕቃ ማን ይፈታዋል? በምን?" ብሎ መጠየቁን ያሳያልና። ያው ፋን ደር ፑል በ2023 ግላስጎው ላይ የዓለም ሻምፒዮን የሆነው በኤሮድ ላይ ነበር፤ በአሮጌው።

ነገር ግን ሁለቱም አንድ የጋራ በሽታ አለባቸው። የፍሬን ቱቦው በመሪው ውስጥ ገብቶ፣ በፍሬሙ ራስ ኩሽኔታ መካከል አልፎ ነው ወደ ታች የሚወርደው። ኩሽኔታው በስዊድን የክረምት ጨውና አሸዋ ሲዝግ ለመቀየር መሪውን መንቀል፣ ብዙ ጊዜም ቱቦውን ቆርጦ እንደገና ዘይት መሙላት ያስፈልጋል። በአሮጌ ብስክሌት የግማሽ ሰዓት ሥራ የነበረው የግማሽ ቀን ሥራ ሆነ። ሽቦውን ከነፋስ መደበቅ ጥቂት ዋት ያተርፋል፤ ኪሳራው ግን በነፋስ ዋሻ አይለካም፤ የሚለካው በጥገና ደረሰኝ ነው።

አሁን ወዳጄ ያላሰበበት አንድ ነገር አለ። እሱ "ጡረታ ስወጣ ይዤው አዲስ አበባ እገባለሁ፤ አሁን እዚያም የብስክሌት መንገድ ተሠርቷል" ይላል። መልካም። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል 2,350 ሜትር ያህል ከፍ ያለች ከተማ ናት፤ አየሯ ከስቶክሆልሙ በሩብ ገደማ የቀጠነ ነው። አየር ሲቀጥን አየርን ለመሰንጠቅ የተሠራ ዕቃ ሥራው ይቀንሳል። ይህ በሜዳው ነው። ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ ማርያም የሚወስደውን ዳገት በሰዓት 12 ኪሎ ሜትር ይወጣል እንበል (ይህም ለወዳጄ ያለኝን አክብሮት የሚያሳይ ግምት ነው)። በዚያ ፍጥነትና በዚያ አየር አየሩን ለመግፋት የሚያወጣው በጠቅላላ 5 ዋት ቢሆን ነው። ዳገቱ 8 በመቶ ቢሆን ራሱንና ብስክሌቱን ሽቅብ ለማንሣት ግን ከ200 ዋት በላይ ያስፈልገዋል። የሁለቱ ፍሬሞች የነፋስ ልዩነት እዚያ ላይ የዋት አንድ አሥረኛ እንኳን አይሞላም። ሆዱ ላይ ያለ አንድ ኪሎ በዚያው ዳገት ላይ 2.6 ዋት ያስከፍለዋል። ቀሪውን ስሌት ለእሱ እተዋለሁ።

እዚህ ላይ "ታዲያ ዕቃ ዋጋ የለውም፤ ዋናው ሰው ነው፤ አበበ ቢቂላ በባዶ እግሩ አላሸነፈም?" የሚለኝ አንባቢ እንዳለ ይሰማኛል። ይህን ተረት በተለይ እኛ እንወደዋለን። እኔ ግን አልስማማም። አበበ በ1960 ሮም ላይ በባዶ እግሩ የሮጠው አዲሱ ጫማ ስላልተመቸው ነው እንጂ ጫማን በመናቅ አይደለም። አሠልጣኙ ስዊድናዊው ኦኒ ኒስካነን ጫማን የሚያውቅ ሰው ነበር። በ1964 ቶኪዮ ላይ አበበ ጫማ አድርጎ ሮጠና ከሮሙ በሦስት ደቂቃ የፈጠነ ሰዓት፣ 2፡12፡11 አስመዘገበ። ከሁለቱ ሩጫዎች ዓለም በፎቶግራፍ የሚያስታውሰው የመጀመሪያውን ነው፤ የፈጠነው ግን ሁለተኛው ነው። በ2023 ደግሞ ትዕግስት አሰፋ በርሊን ላይ 2፡11፡53 ሮጣ በጊዜው የዓለም ክብረ ወሰን የሆነውን ሰዓት ስታስመዘግብ እግሯ ላይ የነበረው 138 ግራም የሚመዝን፣ 500 ዶላር የሚሸጥ የአዲዳስ ጫማ ነበር፤ ከመጨረሻው መስመር በኋላ አውልቃ ከፍ አድርጋ አሳየችው። ዕቃ ዋጋ አለው። ጥያቄው ለማን፣ በየትኛው ፍጥነት፣ በማን እጅ የሚለው ነው። "ሁሉም ነገር ዕቃው ነው" የሚለው ነጋዴና "ዕቃው ምንም አይደለም" የሚለው አርበኛ ከዚህ ጥያቄ በሁለት በር ያመልጣሉ።

በብስክሌቱ ዓለም የእኛን አካባቢ ልጆች ታሪክ ብናይ ይኸው ነው። ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ በተሳተፈችበት በ1956ቱ የሜልቦርን ኦሊምፒክ ከሯጮች ጋር ብስክሌተኞችንም ልካ ነበር፤ ገረመው ደንቦባ አንዱ ነው። ከዚያ በኋላ ለረጅም ዘመን በአውሮፓ ታላላቅ ውድድሮች ላይ ማንም አላየንም፤ እግር ስለጠፋ አይደለም። በ2015 ኤርትራውያኑ ዳንኤል ተክለሃይማኖትና መርሃዊ ቅዱስ ቱር ደ ፍራንስ ገቡ፤ ዳንኤል የተራራውን ባለ ነጠብጣብ ማልያ ለቀናት ለበሰ። በ2016 የመቀሌው ልጅ ጽጋቡ ግርማይ በዚያ ውድድር የተሳተፈ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆነ። በ2024 ደግሞ ቢንያም ግርማይ በአንድ ቱር ሦስት ቀን አሸንፎ አረንጓዴውን ማልያ ለብሶ ፓሪስን ዘሎ ኒስ ላይ (በኦሊምፒኩ ምክንያት መጨረሻው እዚያ ነበር) ተሸለመ። ለወዳጄ የሚጠቅም አንድ ዝርዝር አለ፤ በ8ኛው ቀን ቢንያምን ተከትሎ ሁለተኛ የገባው ያስፐር ፊሊፕሰን በካንዮን ላይ ነበር፤ በ12ኛው ቀን ሁለተኛ ሆኖ የተመዘገበው ቫውት ፋን አርት በሰርቬሎ ላይ። ቢንያም የነዳው ኩብ የሚባል የሌላ ጀርመን ፋብሪካ ብስክሌት ነው። ታዲያ ኩብ ከሁለቱም ይበልጣል ማለት ነው? አይደለም። በዚያ ደረጃ ላይ ሁሉም በቂ ዕቃ ይዟልና ዕቃው መለያየቱን አቁሟል ማለት ነው። ዕቃ የሚለያየው ከታች ነው፤ አንዱ ጋ ብስክሌት ባለበት፣ ሌላው ጋ በሌለበት።

የ2015ቱን ቡድን፣ ኤም.ቲ.ኤን.-ኩቤካን ልብ ብሎ ላየ ሰው አንድ ትልቅ ቅኔ ነበረበት። ነጂዎቹ የተቀመጡት በሰርቬሎ ላይ ነው። ደረታቸው ላይ የተጻፈው ኩቤካ ግን በደቡብ አፍሪካ ለተማሪዎችና ለሠራተኞች "በፋሎ" የተባለውን ብስክሌት የሚያድል የበጎ አድራጎት ድርጅት ነው። በፋሎ ከብረት የተሠራ፣ ከ20 ኪሎ በላይ የሚመዝን፣ ማርሽ የሌለው፣ ፔዳሉን ወደ ኋላ ሲረግጡት የሚቆም፣ 100 ኪሎ ጭኖ በኮረኮንች የሚሄድ ዕቃ ነው። የትኛው ነው የበለጠ ምሕንድስና ያለበት? ሥራ ባልደረቦቼን ብጠይቅ ያለ ማመንታት ሰርቬሎን ይጠቁማሉ። እኔ እጠራጠራለሁ። መለዋወጫ በሌለበት፣ ሙያተኛ በሌለበት፣ አስፋልት በሌለበት ቦታ ዓመታት እንዲሠራ ተደርጎ የተሳለ ዕቃ ከእያንዳንዱ ቱቦ ጀርባ ያለው ሐሳብ ቀላል አይደለም። የነፋስ ዋሻ መሐንዲስ ያለበት ገደብ አንድ ነው፤ የበፋሎ መሐንዲስ ግን ሃያ ገደብ አለበት።

ወደ አገር ቤት ስመለስ ባሕር ዳርን አስባለሁ። ሜዳማ ናት፤ ብስክሌት ከጥንት የከተማዋ እግር ነው። እዚያ ያለ ጠጋኝ ካላማዳሪውን ይለጥፋል፣ ቸርኬውን በዓይኑ ብቻ እያየ ያቃናል፣ የተሰነጠቀ የብረት ፍሬም ካለ በየጁ ይበየዳል። (የዕቃዎቹ ስም ራሱ ታሪክ ነው፤ ካላማዳሪ፣ ኩሽኔታ፣ ቸርኬ፣ ካቴና፣ ጎሚስታ፤ ጣልያን ሄዶ ቋንቋው ከመፍቻው ጋር ቀርቷል።) የካርቦን ፍሬም ግን ሲወድቅ ከላይ ሳይታይ ከውስጥ ሊሰነጠቅ ይችላል፤ እዚህ ስቶክሆልም እንኳን በድምፅ ሞገድ የሚመረምር ባለሙያ መፈለግ ይኖርብናል። ጽጋቡ መቀሌ ላይ ብስክሌት ሲጀምር ኤስ 5 ቢሰጡት ኖሮ ምን ይሆን ነበር? በመጀመሪያው የዝናብ ወቅት ኩሽኔታው ይበላሽና ግድግዳ ላይ ይሰቀል ነበር።

ስለዚህ ፍርዴ ይህ ነው። ወዳጄ ከሁለቱ አንዱን የግድ ይግዛ ከተባለ፣ መፍቻ የሚይዝና እጁ ዘይት መንካት የማይጠየፍ ከሆነ አዲሱን ኤሮድ ይግዛ፤ በአንድ መፍቻ የሚፈታ መሆኑ ብቻ ይበቃኛል። መፍቻ የማይይዝ ከሆነ፣ እንደማውቀውም አይይዝም፣ ኤስ 5ን ከሱቅ ይግዛ፤ ለዋት ሳይሆን ለሱቁ ሰውዬ እየከፈለ መሆኑን ግን ይወቅ። ካንዮን ያንኑ ቅርጽ ዝቅ ባለ የካርቦን ደረጃ፣ ሁለቱም ፋብሪካዎች ደግሞ ዝቅ ባለ ማርሽ ይሸጡታል፤ ቅርጹ አንድ ስለሆነ ነፋሱ ልዩነቱን አያውቀውም፤ የሚለየው ሚዛኑና ኪሱ ነው። ያንን ቢመርጥ በርካታ አሥር ሺህ ክሮነር ይተርፈዋል። ከዚያ ላይ ጥሩ ጎማ፣ ልክ የሆነ ልብስና ቁመናውን የሚያስተካክልለት የግማሽ ቀን ባለሙያ ይግዛ፤ በነፋስ ፊት የሚያተርፈው ከእነዚህ ነው።

የቀረው አሮጌው ብስክሌቱ ነው። ወዳጄ በ2000ዎቹ የገዛው፣ ሽቦው በውጭ የሚታይ፣ የአልሙኒየም ፍሬም ያለው፣ ፍሬኑ በጎማ ቸርኬውን የሚቆነጥጥ ብስክሌት ምድር ቤቱ ውስጥ አቧራ ለብሶ ቆሟል። "ለመጣል አስቤ ነበር" አለኝ። ይህ አሁን ካነሣናቸው ሦስት ብስክሌቶች ለአንድ የባሕር ዳር ወይም የመቀሌ ጀማሪ የሚረባው ብቸኛው ነው። በየምድር ቤታችሁ እንዲህ ያለ ያላችሁ አንባቢዎች፣ አገር ቤት የሚገባ ሰው ስታገኙ እንዲህ አድርጉት፤ መሪውን ፈትታችሁ ከፍሬሙ ጎን እሰሩት፣ የጎማውን አየር አስተንፍሱ፣ አምስት ካላማዳሪ፣ ሁለት ካቴና፣ አራት ጥንድ የፍሬን ጎማ፣ የፍሬንና የማርሽ ሽቦ ጨምሩበት፤ ማርሹ 8 ወይም 9 ደረጃ ያለው ከሆነ ካቴናውን በዚያው ልክ ግዙ። ፔዳሉንም ፍቱት፤ የቀኙ እንደማንኛውም ብሎን ይፈታል፣ የግራው ግን በተቃራኒው ነው።